ቀጥታና ቅያስ

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ከባጃጆቹ ተራ፣
የተሰነጠቀ ስክሪን፣ ውሃ የገባው ባትሪ፣ ይኸው ነው የኔ ሥራ።
አንድ ቀን ጋሽ ደቻሳ መጡ፣ በፌስታል አንዳች ይዘው፣
የአዳማ ነፋስ በሩን ሲያላትመው፣ አቧራውም አብሯቸው።
«ዲኮደር ነው ልጄ» አሉኝ፤ «አራት ሐዲድ ይቀይራል፤
ሁለት ገዛሁ፤ ግን ብጠራው፣ ብጠራው ዝም ይላል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ለሽሚንደፈር፣ በናዝሬት ጣቢያ ቆመው፣
የሐዲድ መለወጫ ዘንግ ሲስቡ፣ ሲገፉ ኖረው፣
አሁን በጓዳቸው፣ በሁለት አሮጌ በር ላይ፣
ሞጆን፣ አዳማን፣ ወለንጪቲን ዘርግተዋል፤
መተሐራ አልጋ ሥር ነው፣ አይታይ።
ሎኮሞቲቩ ከቴፕ የወጣ ሞተር፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ገላ፤
ግራሩ ከጥርስ ብሩሽ የተቆረጠ፣ ጣቢያው የጫማ ካርቶን፣ ሌላም ሌላ።
ሰባት መገንጠያ፤ ከየሥራቸው ሰርቮ፣ ክብሪት ሳጥን የምታክል፣
እንደ ቀን ሠራተኛ ማለዳ ክንዷን ዘርግታ፣
«ማን ይጠራኝ?» የምትል።

መመሪያው አንዲት ቅጠል ነው፤ ፊደሉ ከጤፍ ያነሰ፤
በስልኬ መብራት አነበብኩት፣ ዓይኔ እያለቀሰ።
ቁልፏን ተጫን። መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል ልቀቅ።
ከዚያ አንድ ቁጥር ጥራ፤ መጀመሪያ የሰማችው ስሟ ነው፣ እስኪፋቅ።
ቄስ የለ፣ ሼህ የለ፣ ስም የሚያወጣ ጎረቤት የለ፤
ጆሮዋ ክፍት ሳለ ያለፈው ቁጥር፣ እሱ ስሟ ሆኖ ዋለ።

አንድ አልኩ። ዝም።
ደግሜ አንድ አልኩ። ዝም።
ጣቴ አምስት ላይ ቢያርፍ፣ ተንሸራትቶ፣
የሞጆ መግቢያ ጠቅ አለ፣ ወደ ቅያስ ከፍቶ።
ሁለት ስል የለም፤ ስድስት ስል ሁለተኛው መጣ።
መቆጣጠሪያው ሰሌዳዎቹን ከአንድ ይቆጥራል፣ ዲኮደሩ ከዜሮ፤
መሃል ላይ አራት ሐዲድ ወጣ።
ጋሽ ደቻሳ ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው።
«የፈረንጅ የጉዞ ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት፣ እኛ በሐበሻ፤
ያኔ ስድስት ነበር የሚጎድለው። አሁን ወደ አራት ወርዷል!
መሻሻል ነው።»

ሦስተኛዋ እልኸኛ፤ ቀጥታ ስላት ቅያስ፣ ቅያስ ስላት ቀጥታ፤
ዜሮዋን ወደ አንድ ለወጥኩና ታረቅን፣ ወደ ማታ።
ብዙ ከገፋች ብረቱ ይጎብጣል፣ ጥቂት ከገፋች ጎማ ያመልጣል፤
እኔ ቁጥር ስቀንስ፣ ስጨምር፣
እሳቸው ጥፍራቸውን በሐዲዱና በምላሱ መሃል ከተው፣
«ገና ነው... ገና... በቃ።»

ሰባተኛው ጋ ደረስኩ።
«እሱን ተዪው» አሉኝ።
ከጠረጴዛው ሥር የብስክሌት ራጂ፣ ጫፉ በጨርቅ የተጠመጠመ፣
በእጅ ወዝ የጠቆረ።
«ቦታ እኮ አለ፤ ሁለቱ ሰሌዳ ስምንት ይችላል፤
ብርም አልጨምርብዎ።»
«የብር ነገር አይደለም።»
ሌላ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኩ።
ውሸቴን ነው፣ ጠየቅኩ።
«የወለንጪቲ መግቢያ ናት» አሉኝና ዓይናቸውን ወደ አልጋው ሥር፣
ወደማይታየው መተሐራ መለሱ።

መብራት ሄደ።
ከኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ይሽከረከራሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።
በጨለማ ተቀመጥን።
«ስማቸውን ይረሱት ይሆን?»
«አይረሱም ጋሽዬ፤ ተጽፎባቸዋል፣ ያለ ኤሌክትሪክም ይዘውት ያድራሉ።»
«ደግ» አሉ። «ሰው እንኳ...»
ጀመሩ እንጂ አልጨረሱም።

ሲመጣ ስድስቱም ባንድ ላይ ጠቅ!
ከእንቅልፉ እንደ ባነነ ሰው ክንዳቸው ተወራጨ፣ ከዚያ ተረጋጋ።
ከጠረጴዛው ሥር የጋሽ ደቻሳ እጅ አንዴ ሳበ፣ አንዴ ገፋ፤
ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ለኩ።
«ቀጥታ» አሉ፣ ጮክ ብለው፣
ባዶ ሐዲድ ላይ።

ሲወጡ ደረሰኝ ጠየቁኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፣ ልማድ ነው።
ምን ብዬ ልጻፍ?
«ስም ማውጣት» ብዬ ጻፍኩ። «ብዛት፦ ስድስት።»